በመርሳ ገበያ ያልተነሳው ሰው

ባለፈው ወር ከወልዲያ ወደ ደሴ ስሄድ መኪናው መርሳ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። መስኮቱን እንደከፈትኩ የበሰለ ዘይቱን ሽታ ገባ። የዘይቱን ሽታ አፍንጫ ላይ አይቀርም፤ ጉሮሮ ድረስ ይወርዳል። እኔ ይህን ሽታ አልችለውም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አልቻልኩትም። መልሼ ልዘጋው ስል አንዲት ሴትዮ ከታች ሆና መስታወቱን በእጇ ያዘች። ፊቷን ቶሎ አላወቅኩትም። ድምጿን ግን አወቅኩት።

“አንተ የአጎቴ ልጅ! ሰላም ሳትለኝ ልታልፍ ነው? ወልዲያ ገብተህ ኮራህ አይደል?”

ሐዋ ናት። ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ነጭ ሆኖ ብቅ ብሏል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። የምንመሳሰል ሰዎች አይደለንም። “አባት፣ ዘመድዎ ናቸው? በየት በኩል?” አለኝ። ሐዋ ከታች ሆና ሳቀች። “በጡት ነዋ!” አለችው። ልጁ ምንም አልገባውም። ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ አንድ ፌስታል ዘይቱን በመስኮቱ አሾልካ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። መኪናው ሄደ። ውርጌሳን እስክናልፍ ፌስታሉን እንዳቀፍኩ ነበርኩ። ልጁ ጥያቄውን አልደገመም። እኔ ግን መልሱን ይዤ ዞርኩ። እንግዲህ ይኸው።

ጽሑፍ የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ተቋርጧል፤ ያቋረጠው ጦርነቱ ነው። ይህን መጻፍ የነበረበት ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ነበር። አስተማሪ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር። እሱ በሃያ ሰባት ዓመቱ ቀረ። እኔ ዛሬ በዕድሜ እጥፉ ሊሆነኝ ነው። ይህ ነገር አሁንም ያስደነግጠኛል። ጢሜን ልላጭ መስታወት ፊት ስቆም፣ ከታላቅ ወንድሜ ያረጀ ሰው ሲያየኝ እደነግጣለሁ። ቢሆንም ታናሹ ነኝ። ስለ እሱ ሳወራ ድምፄ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ይሆናል፤ ልጄ ናት እንዲህ የምትለኝ።

ያን ጊዜ መርሳ ማለት አንድ መንገድ ነበረች። ከደሴ የሚመጣው አስፋልት በመሃሏ ገብቶ ወደ ወልዲያ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጣል። አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የእግር መኪናቸው በረንዳ ላይ፣ ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው። ካሴቱ ሲዘፍን ይውላል። ትዝታ ሲሆን አባባ ፔዳሉን ቀስ ያደርጋሉ፤ አምባሰል ሲሆን ያፈጥኑታል። “እኔ ዘፈን አልሰማም፤ ሐራም ነው” ይሉ ነበር፣ እግራቸው ግን ይሰማ ነበር። የቦላሌ ሱሪ ዘመን እያለፈ ነበር። ወጣቱ ከታች የጠበበ ሱሪ ማሰፋት ሲጀምር አባባ “ይኸ ሱሪ አይደለም፤ ለሰፊ ጨርቅ መስረቂያ ነው” እያሉ የተረፈውን ቁራጭ ጠቅልለው ለባለቤቱ ይመልሱ ነበር። ቁራጭ ጨርቅ የማይወስዱ ሰው ነበሩ። ይህን የምጽፈው በኋላ የማወራውን ስትሰሙ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው።

በዚያ በረንዳ ፊት ወታደር የጫኑ መኪናዎች ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ሲወጡ ይዘፍናሉ። ሲመለሱ ሸራ ለብሰው ነው፤ ዘፈን የለም። እኔ ወልዲያ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን ለወታደር ማደሪያ ሆነና ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ቀመር እንደተጻፈ ወጣን። ቀመሩን ማን እንዳጠፋው አላውቅም። የተረፈችኝን ስንቅ ይዤ መርሳ ተመለስኩ።

ስመለስ ቤታችን ዘይቱን ዘይቱን ይሸታል። ወንበር ላይ ዘይቱን፣ መስኮት ላይ ዘይቱን፣ አልጋ ሥር የበሰበሰ ዘይቱን። እናቴ፣ “ሁሴን፣ አንተ ፍሬው ጥርሴ ውስጥ ይገባል እያልክ ትጠላ አልነበር?” ትለዋለች። “ለጤና ነው እማዬ” ይላል። ነገሩ የገባኝ መኪና መቆሚያው ጋ አብሬው ስሄድ ነው። ሐዋ ቅርጫቷን ይዛ ከግራና ትመጣለች። ከመርሳ ግራና በእግር ይደረሳል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ የተወች ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው። “አስተማሪው፣ ዛሬም መጣህ? አንድ መደብ በስሙኒ ነው። ዘይቱኑን ቆጥረህ ውሰድ እንጂ ፊቴን ምን ትቆጥራለህ?” ትለዋለች። እሱ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ዝም የሚያሰኝ ሰው፣ እዚያ ሲደርስ እሱ ራሱ ዝም ይላል።

ሽማግሌ እንዲላክለት አባባን የጠየቀ ቀን እኔ በረንዳው ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር።

“የግራናዋን ልጅ?” አሉ አባባ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ቆመ። “የእነ ፋጤን?”

“አዎ፣ አባባ። ሐዋን።”

“ጨዋ ሞልቶ? ሴት ጠፍቶ ነው?”

“እሷ ምኗ ነው ጨዋ ያልሆነው?”

“አጥንቷ።”

ከዚህ በላይ አላሉም። አያስፈልግም ነበር። በእኛ አገር በእንዲህ ያለ ነገር ጨዋ ሲባል ጠባይ ማለት አይደለም፤ ተገዝቶና ተሽጦ የማያውቅ ሰው ዘር ማለት ነው። ደነገጥኩ። ስለ ባርነት የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር፤ በመርከብ ተጭነው ስለተወሰዱ የሩቅ አገር ሰዎች። ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረ የነገረኝ የለም። ከግራና ሰዎች ጋር በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ ለቅሶ እንወጣለን፤ አብረን እንበላለን፤ ሰርጋቸው ላይ እንጨፍራለን። ልጅ ግን አንሰጣቸውም፤ ከእነሱም አንወስድም። ይህ ሁሉ ሲደረግ ኖሯል፤ እኔም ሳላውቅ ውስጡ ኖሬያለሁ።

“እሄድልሃለሁ የሚል ሌላ ሽማግሌ ፈልግ” አሉት አባባ። “እኔ አልመራም።” አባት በሕይወት እያለ አባት የማይመራው ሽማግሌ የሴቲቱ ደጅ አይደርስም። ሁሴን ይህን ያውቃል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለውትድርና ከተጠሩት ስሞች ውስጥ የእሱም ስም ተለጥፎ ወጣ። ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር። “ኒካሑ ይታሰርልኝና ልሂድ። ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም” ይል ነበር። ለእናቴም፣ ለእኔም፣ ለግድግዳውም።

አባባ ሳጥን ውስጥ በአቡጀዲ የተጠቀለለ አንድ ፎቶግራፍ ነበር። የፊታውራሪ ደጉ ይማም ነው። ፊታውራሪ ድሮ የእኛን አገር፣ ሐብሩን፣ የገዙ፣ በኋላም አዲስ አበባ ምክር ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ የባላባት ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ያስጠይቅ ስለነበር አባባ በኢድ ቀን ብቻ አውጥተው ያሳዩናል። “ባሪያ ነፃ ያወጣ ሰው ነው። ከሐብሩ ባርነትን ያጠፋው እሱ ነው” ይላሉ። እንዴት እንዳጠፉት ግን አይነግሩንም። ቶሎ ይጠቀልሉታል። ሁሴን ይህን አሰበ። “ይህን ሰው እያከበሩ ሐዋን እንዴት ይንቃሉ? ታሪኩን ከሥሩ አምጥቼ አነብላቸዋለሁ። አባባ የተጻፈ ነገር ያምናሉ” አለኝ። ፊታውራሪን ያሳደገችው ሴት የወለደቻቸው ልጅ ግራና ውስጥ በሕይወት አሉ፤ እሳቸውም የሐዋ አያት እማማ ፋጤ ናቸው። ደብተርና እርሳስ ይዘን ጠዋት ሄድን።

እማማ ፋጤ ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ዘይቱን ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው የበሰለውን ካልበሰለው ይለያሉ።

“ዘይቱኔን የምትጨርሰው አስተማሪ አንተ ነህ?” አሉት።

“እኔ ነኝ፣ እማማ።”

“ይኸኛውስ?”

“ወንድሜ ነው። የሚሉትን ይጽፋል።”

“ወግ ነው! እኔ ስናገር ጸሐፊ ሲቀመጥልኝ! እናቴ ይህን ባየች። ጻፍ እንግዲህ ልጄ፤ ስትጨርስ ግን መልሰህ አንብብልኝ። አዋጅ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ የተነበበውና የሆነው አንድ አይደለም።”

ከዚያ ጀመሩ። ፊታውራሪ አላሉም፤ ደጉ ነው ያሉት። ሁሴን ቀና ብሎ አየኝ። ያንን ስም እንዲህ እርቃኑን ሲጠራ ሰምተን አናውቅም ነበር።

“ደጉን ስትወልድ እናቱ ሞተች። እናቴ ትርንጎ የቤቱ ባሪያ ነበረች። ፈረጅ የሚባል ወንድ ወልዳ አራስ ናት። ደጉን አመጡና ፈረጅን ከአንዱ ጡት ነቅለው እሱን አስጠጉት። በአንዱ ጡት ጌታ፣ በአንዱ ጡት ባሪያ። ወተቱ አንድ ነው። ደጉ ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ ከእሷ ሌላ እናት እንደነበረው አያውቅም። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ልጆቹ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው የደጉ አባት ጠመንጃ አማረው። ወደ ባሕር የሚወርዱ ነጋዴዎች መጡ። ፈረጅን ሰጥቶ ጠመንጃውን ተቀበለ።”

እጄ ቆመ። ሁሴን በክርኑ ነካኝ፤ ጻፍኩ።

“ደጉ ወንድሜን መልሱ እያለ ከኋላቸው ሮጠ። እስከ ውርጌሳ ድረስ ተከትሏቸዋል። ነጋዴዎቹ ሳቁበት፤ በበቅሎ ጭነው መለሱት። ከዚያ ቀን ወዲያ አባቱ ማዕድ ላይ አልተቀመጠም። ከናቴ እጅ ካልሆነ አልበላም አለ። ያ ጠመንጃ ሲተኮስ ደግሞ ሽንቱ ያመልጠው ነበር። ሐብሩን የገዛው ሰው እንዲህ ነው ያደገው። ጻፍከው?”

“ሽንቱንም?” አልኩ።

“እሱን በተለይ ጻፈው።”

ደጉ አድገው፣ አባታቸው ሞቶ፣ ሹመቱ በእጃቸው ሲገባ ባሪያ መሸጥ ክልክል ነው የሚለው አዋጅ ከላይ መጥቶ ነበር። ነጋሪት ተመትቶ በገበያ ተነበበ። “ሰው ሁሉ ሰማ” አሉ እማማ ፋጤ፤ “ከዚያ ቤቱ ገባና ባሪያውን ውኃ አምጪ አለ።” ደጉ አዋጁን ሁለተኛ አላስነበቡም። በገበያ ቀን መርሳ ዋርካው ሥር ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ የራሳቸውን ወንበር አስመጡና ትርንጎን አስቀመጧት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለማታውቅ ልትወድቅ ደረሰች። ማር ቀረበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። በሥጋ የማይዛመዱ ሰዎች እናትና ልጅ መሆን ሲፈልጉ ጡት ይጣባሉ ይባላል። እናት የምትሆነው አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ትነክራለች፤ ልጅ የሚሆነው ሰው እያየ ይጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው፤ ልጆቿም ወንድምና እኅቱ ናቸው። ማንም አይፈታውም።

“ደጉን ወተቷ አሳድጎታል። ጣት መጥባት አያስፈልገውም ነበር” አሉ እማማ ፋጤ። “ግን በጓዳ የጠባውን ማን አየው? በአደባባይ ልጥባ አለ። ተንበረከከና የባሪያውን ጣት ጠባ። ተነሣና ማሩን ከጢሙ ጠረገ። ይህች እናቴ ናት አለ። እናቱን የሚሸጥ አለ? እናቱን የሚገዛስ? ከእናንተ መሃል በባሪያ ጡት ያደገ ይነሳ አለ። አህያ እንኳ አልጮኸም። መጀመሪያ አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ተነሳ። ጠብቻለሁ፣ ስሟን ግን አላውቅም ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ባለጠመንጃው፣ ባለካባው። እመቤት ሁሉ ልጇን ለባሪያ በምታስጠባበት አገር ማን ይቀራል?”

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ባሪያውን ለመሸጥ አፈረ፤ ማፈር ከአዋጅ በረታ። ደጉ ዳኛ ሆነው ሲቀመጡ ከሳሹንም ተከሳሹንም መጀመሪያ “ማን አጠባህ?” ብለው ይጠይቁ ነበር አሉ። ስሟን የማያውቅ ሰው አጣርቶ እስኪመጣ ጉዳዩ አይታይም። እየሳቁ ነገሩን። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን፣ “መሬት አልሰጠንም። ይህንንም ጻፍ። እናት አደረገን እንጂ ባለመሬት አላደረገንም። ፈረጅንም እስከ ባሕር ሰው ልኮ አስፈልጎ አላገኘውም። እናቴ እስክትሞት ደጇን አትዘጋም ነበር” አሉ።

“ጥሩ ሰው ነበሩ ማለት ነው?” አለ ሁሴን።

“ጥሩ ልጅ ነበር። ጥሩ ሰው መሆኑን እናንተ ድረሱበት።”

እዚያ ላይ ብንነሳ ኖሮ እላለሁ። ሁሴን ግን አስተማሪ ነው፤ ጥያቄ ሳይጨርስ አይነሳም። “ሁሉም ተነሱ?” አለ። እማማ ፋጤ የያዙትን ዘይቱን አስቀመጡ።

“የማን ልጅ ነህ አንተ?”

“የልብስ ሰፊው፣ የአህመድ።”

“የይመር ልጅ አህመድ?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ይህን አትጻፉ። ስሙኝ ብቻ። አንድ ሰው አልተነሳም። ከፊት ነበር የተቀመጠው። የደጉ ቤት አሽከር ልጅ ነው፤ የእናቱ ጡት ደርቆ ከናቴ ጡት ሦስተኛ ሆኖ የጠባ። ደጉ በስሙ ጠራው። ይመር፣ አንተስ? አለው። መሬት መሬት አየ። አልተነሳም።”

ይመር አያታችን ናቸው። እርሳሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። አላነሳሁትም። ቤታችን ውስጥ የአያቴ ስም ሲጠራ “አላህ ይርሐማቸው፣ እውነተኛ ሰው ነበሩ” ይባላል። በእሳቸው ስም ነው የምንምለው። ሁሴን ፊቱ አመድ መሰለ።

“ለምን?” አለ።

“አሽከር ነበሩ እኮ። ከኛ በአንድ እርከን ብቻ ነው ከፍ ያሉት። መውረድን የሚፈራ ትንሽ የወጣ ሰው ነው። እናቴ አልተቀየመችውም። እኔ ግን ተቀይሜያለሁ፤ እስካሁን።” ይህን ብለው አንድ የበሰለ ዘይቱን ለኔ ሰጡኝ። በላሁት። ጣዕሙን አላስታውስም፤ ሽታው ነው የቀረው።

ስንመለስ ሁሴን ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። መርሳ ልንገባ ስንል ቆመና ትከሻዬን ያዘ። “ለአባባ ይህን እንዳትነግር። እኔ ራሴ፣ በደህና ጊዜ፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ላይ አይወረወርም። በል፣ ማል።” ወላሂ አልኩ። ቀለል አድርጌ ነው ያልኩት።

በሚቀጥሉት ቀናት፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ ሁሴን የስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ስቦ ደብተሩን አነበበላቸው። አባባ የደጉን ሩጫ ሲሰሙ ፔዳሉን አቆሙ። ማሩ ጋ ሲደርስ “በቃ” አሉና ክር መርጠው መርፌ ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ክሩ እምቢ አላቸው። እሺም አላሉም፤ እምቢም አላሉም። ሁሴን ይህን ተስፋ አደረገው። ያ ደብተር ዛሬ የለም። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በመጣው በሌላኛው ጦርነት ቤታችን ሲዘረፍ ጠፋ። ለዘራፊ ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም፤ ሳጥኑን ከነውስጡ ነው የወሰዱት። ፎቶግራፉንም አብሮ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከራሴ ነው። ብሳሳት እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

የመሄጃው ጠዋት። የወታደር መኪናው ከሻይ ቤቱ ፊት ቆሟል። እናቴ የተቆላ ገብስ በጨርቅ ቋጥራ ታለቅሳለች። ሁሴን አባባ የሰፉለትን ካኪ ለብሶ ፊታቸው ቆመ። አባት ሳይመርቀው ማንም አይወጣም፤ እንኳን ወደ ጦርነት፣ ወደ ደሴም አይወጣም። አባባ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሁሴን ከዱዓው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ አለ።

“አባባ፣ በሰላም ከተመለስኩ ሽማግሌ ይመሩልኛል?”

አባባ እጃቸው እንደተዘረጋ ቆዩ። “አንተ ተመለስ ብቻ። እኔ ግን አጥንቴን አልበርዝም፣ ልጄ።”

ያኔ ነው የተናገርኩት። ማን እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። “የትኛውን አጥንት? አያታችን በመርሳ ገበያ ተጠርተው ያልተነሱበትን?”

የአባባ እጅ ወደቀ። እንዲህ ነው የማየው፤ ሁለቱ መዳፎች ለዱዓ እንደተከፈቱ ሲወርዱ። ዞረው ሄዱና የስፌት መኪናቸው ጋ ተቀምጠው ፔዳሉን መርገጥ ጀመሩ። ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። መርፌው ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁሴን ወደ እኔ ዞረ። የተቆጣ ፊት አልነበረም፤ የደነገጠ ፊት ነው። “ወላሂ ብለህ ነበር እኮ” አለኝ።

ጥሩንባ ተነፋ። ተሳፈረ። ወንድሜ ሳይመረቅ ሄደ፤ ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃልም ያ ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ በክራንች የሚሄድ ወታደር መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ ሳይጠጣ ስም ጠየቀ። አባባ የሁሴንን መርዶ ይዞ እንደመጣ ሳይጠይቁት አወቁ። የቅሬው ሰዎች ዳስ ጣሉ። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ነው። ሰው ወዴት ፊቱን አዙሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። አባባ ሦስት ቀን ሙሉ እኔን አላዩኝም። በፊታቸው ሳልፍ ዓይናቸው ወደ ሌላ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ብዬ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ፋጤ ሐዋን ተደግፈው ከግራና በእግራቸው መጡ። ሐዋ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ የእጮኛ ለቅሶ እንዳታለቅስ እጮኛ አልተባለችም። እማማ ፋጤ ወደ ውስጥ አልገቡም። ከዳሱ አፍ፣ ሰው ጫማውን ከሚያወልቅበት ቦታ ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው ነው፤ ማንም “እዚህ ይግቡ” አላላቸውም። አባባን በሃያ ዓመት ይበልጧቸዋል፤ እሳቸው ግን ከዚያው ሆነው “አላህ ያጽናዎት ጌታዬ” አሏቸው።

አባባ ቀና አሉ። “እኔ እዚያ ነበርኩ” አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። “አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ጭን ላይ ተቀምጫለሁ። ፊታውራሪ በስሙ ሲጠራው ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ሊነሳ ነበር። ወደ ታች አየኝና ቀረ። ለኔ ብሎ ነው ስል ኖርኩ። እኔም ለልጄ ብዬ...” አቆሙ። “ልጄ የት አለ?”

አባባ ወደ እናቴ ዞረው “ማር አምጪ” አሉ። እናቴ ለሳል ያስቀመጠችውን ቆርቆሮ አመጣች። አጠገባቸው የነበሩት ሼህ ነገሩ ገባቸውና ጎንበስ ብለው፣ “አህመድ፣ አዋቂ ሰው ጡት ተጣባ ተብሎ በሸሪዓ ዝምድና አይሆንም እኮ” አሏቸው።

“አውቃለሁ፣ ሼሁ። ለሸሪዓው አይደለም። ሰው እንዲያየኝ ነው።”

ተነሱ። ስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ይጮኻል። በተቀመጠው ሰው መሃል አልፈው፣ ጫማው መሃል፣ እማማ ፋጤ ፊት ተንበረከኩ። እማማ ፋጤ እጃቸውን አልሰጡም። በፎጣቸው ውስጥ ደብቀው አባባን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ቂሙን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የሰማሁት። እምቢ የሚሉ መሰለኝ።

“ዘገያችሁ” አሉ በመጨረሻ። “ልጁ ከሄደ በኋላ?”

“አዎ” አሉ አባባ። “ከሄደ በኋላ።”

እጃቸው ከፎጣው ወጣ። ዘይቱን የለቀሙበት፣ ጥፍሩ የጠቆረ አውራ ጣት ማሩ ውስጥ ገባ። አባባ ጠቡት። ማሩ ጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ከዚያ ብድግ አሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን የማያውቁ መሰሉ። ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ሰው ሁሉ እያያቸው፣ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። የዋርካው ሥር ገበያ ሁሉ ዳሳችን ውስጥ የገባ መሰለኝ።

እማማ ፋጤ ቀና ብለው አዩዋቸው።

“አሁን ተቀመጥ፣ ልጄ” አሉ።

ሐዋ ጫማዎቹን በእጇ ገፋ ገፋ አደረገችና ቦታ ሰጠቻቸው። አባባ እዚያው፣ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጡ።